ከፍያል እስከ ቫያል፦ አንድ የብልቃጥ ሳጥንና የሥርወ ቃል ወረቀቱ ሲገመገሙ

ጥቂት ፈሳሽ የሚይዙ የብርጭቆ ዕቃዎችን በየዓይነታቸው ሰድሮ በአንድ ሳጥን የሚሸጥ አንድ አምራች ከዕቃዎቹ በላይ የታጠፈ ወረቀት ያስቀምጣል። ወረቀቱ ስለ አጠቃቀም የሚናገረው ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ «ቫያል» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ የሚተርክ ነው። ዕቃ ሻጭ የቃል ታሪክ ሊያስተምር መነሣቱ እምብዛም ያልተለመደ ስለሆነ ሳጥኑንም ወረቀቱንም አብሬ መመዘን መርጫለሁ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ እንዲህ ያለ ሳጥን የሚያዘጋጁ ብዙዎች ናቸውና የምለው ለአብዛኞቹ ይሠራል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የዕቃዎቹ ብርጭቆ ጥሩ ነው፤ መክደኛዎቻቸው ግን አንዱ ካንዱ እጅግ ይበላለጣሉ። ወረቀቱም የቃሉን የዘር ሐረግ በትክክል ቢያስቀምጥም ዋናውን ነገር ስቶታል፤ ይኸውም ቃሉ በመጀመሪያ የተሰጠው ክዳን ለሌለው፣ አንገት እንኳ ላልነበረው ዕቃ መሆኑን ነው። ሁለቱ ጉድለቶች ከአንድ ምንጭ የመጡ ይመስለኛል። አምራቹ ብልቃጥን ብልቃጥ የሚያሰኘው ብርጭቆውና ትንሽነቱ ነው ብሎ ያምናል፤ እኔ ግን አፉና መክደኛው ነው እላለሁ።

በሳጥኑ ውስጥ አራት ዓይነት ዕቃ አለ። የመጀመሪያዎቹ ቀጥ ያለ ቁመና ያላቸው፣ በጠራ ብርጭቆ የተሠሩና በጥምዘዛ የሚከደኑ ባለ 2 እና ባለ 5 ሚሊ ሊትር ብልቃጦች ናቸው። ሁለተኛዎቹ 10 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ቡናማ ብልቃጦች ሲሆኑ ክዳናቸው ላይ የጎማ ጭንቅላት ያለው ማንጠብጠቢያ ተገጥሞላቸዋል። ሦስተኛዎቹ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት የሚመጣባቸውን የሚመስሉ፣ አፋቸው በጎማ ውታፍ ተደፍኖ በአሉሚኒየም ቆብ የታሰሩ ባዶ ዕቃዎች ናቸው። አራተኛዎቹ ደግሞ ቡሽ የተወተፈባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች ናቸው፤ እነዚህ ከአገልግሎት ይልቅ ለዓይን የተሠሩ መሆናቸውን ገና ሲያዩአቸው ያስታውቃሉ።

በአማርኛ እነዚህ ሁሉ ብልቃጥ ናቸው። ሽቶ የሚይዘውም፣ የዓይን ጠብታ የሚይዘውም፣ የክትባት መድኃኒት የሚይዘውም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ጠርሙስ እንዳይባል ካነሰና በውስጡ ያለው ነገር በቁጠባ የሚወሰድ ከሆነ ብልቃጥ ለመባል ይበቃል። በጤና ሙያ ያሉ ሰዎች ግን ለሥራቸው ጥንቃቄ ሲሉ ቫያልና አምፑል የሚሉትን ሁለት የውጭ ቃላት ለይተው ይጠቀማሉ። ቫያል የሚሉት በጎማ ውታፍ የተዘጋውን፣ መርፌ በውታፉ በኩል ገብቶ የሚቀዳበትን፣ መርፌው ሲወጣ ጎማው መልሶ የሚገጥመውን ነው። አምፑል የሚሉት ደግሞ አንገቱ በእሳት ቀልጦ የተዘጋውን፣ ሲሰበር ብቻ የሚከፈተውንና አንዴ ከተከፈተ ሊዘጋ የማይችለውን ነው። ወረቀቱ ቫያልንና አምፑልን የአንድ ነገር ሁለት ስሞች አድርጎ አቅርቧል። ይህ የመጀመሪያው ስሕተቱ ነው፤ ሁለቱ ቃላት በትውልድም በትርጉምም የተለያዩ ናቸውና።

ቫያል ወደ እኛ የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ፊዮል፣ ፈረንሳይኛው ከላቲኑ ፊያላ፣ ላቲኑም ከግሪኩ ፊያሌ ወስዶታል፤ እስከዚህ ድረስ ወረቀቱ ልክ ነው። የግሪኩ ቃል ራሱ ግን በግሪክኛ ውስጥ የሚተነተንበት ግልጽ ሥር የለውም፤ ከግሪክኛ በፊት በዚያ ምድር ይነገር ከነበረ ቋንቋ የተወረሰ ሳይሆን አይቀርም የሚለው አስተያየት ሚዛን ይደፋል። ዕድሜው ረጅም ለመሆኑ ደግሞ ማስረጃ አለ። በደቡብ ግሪክ በነበረው በፒሎስ ቤተ መንግሥት በሸክላ ጽላት ላይ በተጻፈ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ ጽላቶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1200 ዓመት ግድም የተጻፉ ሲሆኑ፣ ሊኒያር ቢ የተባለው ፊደላቸው የተፈታው በእንግሊዛዊው ማይክል ቬንትሪስ በ1952 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። እነሆ የቃሉ የመጀመሪያ መታያ የመዝገብ ቤት ዝርዝር መሆኑ ለእንዲህ ያለ የዕቃ ስም የተገባ ነው።

ፊያሌ ምን ይመስል ነበር? ጠፍጣፋ፣ አፉ የሰፋ፣ ጥልቀቱ ያነሰ፣ እጀታም እግርም የሌለው ሳህን ነበር። ግሪኮች ይጠጡበት ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ለአማልክቶቻቸው የመጠጥ ቍርባን ያፈስሱበት ነበር። በብዙዎቹ መካከል ከሥር ወደ ላይ የተገፋ ጉብታ ይታያል፤ ግሪኮቹ ኦምፋሎስ፣ ማለትም እምብርት፣ ብለውታል። የጉብታው ጥቅም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የያዘው ሰው ጣቶቹን ከሥር በጎድጓዳው አስገብቶ አውራ ጣቱን በከንፈሩ ላይ በማሳረፍ ሳህኑን በአንድ እጅ ያለ ችግር ማዘንበል ይችል ነበር። ስለዚህ ዕቃው ከመጀመሪያው የተሠራው ለማፍሰስ ነው። ለማስቀመጥ አልተሠራም፤ በውስጡ ያለውን ለማቆየት የሚረዳ አንዳች ነገርም የለውም።

ትንሽም አልነበረም። በጥንታዊው የግሪክ ባለ ቅኔ በሆሜር ድርሰት በኢሊያድ በጦርነት የሞተው የጀግናው የፓትሮክሎስ አጥንት ከተቃጠለ በኋላ የተቀመጠው በወርቅ ፊያሌ ውስጥ ነው፤ የሰው አጥንት የሚይዝ ዕቃ ከብልቃጥ ጋር ምን ያገናኘዋል? የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉምም በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 7 የእስራኤል አለቆች ለድንኳኑ ካመጡት መባ መካከል ክብደቱ 70 ሰቅል የሆነውን የብር ዕቃ ፊያሌ ይለዋል። ወረቀቱ «የጥንት ግሪኮች ትንሽ ጠርሙስን እንዲህ ብለው ይጠሩ ነበር» የሚል ሐሳብ ሲያስተላልፍ ከዚህ ሁሉ ማስረጃ ጋር ይጋጫል። ጸሐፊው የቃሉን የዛሬ ትርጉም ይዞ ወደ ኋላ ተጒዞ ጥንትም እንደዚያው የነበረ አስመስሎታል፤ ሥርወ ቃልን በችኮላ የሚጽፉ ሰዎች ዘወትር የሚወድቁበት ጉድጓድም ይኸው ነው።

ወረቀቱ ለአማርኛ አንባቢ እንዳልተጻፈ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ለእኛ የሚበልጠው ነገር በእርሱ ውስጥ የሌለው ነው። ግዕዝ ይህንኑ የግሪክ ቃል ፍያል ብሎ ከጥንት ጀምሮ ይዞታል፤ ትርጉሙም ጽዋ፣ ፈሳሽ የሚያዝበት ዕቃ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ደርሶናል ማለት ነው። ፊተኛው ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተሻገረው ፍያል ሲሆን፣ ሁለተኛው በላቲን፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ዞሮ በመድኃኒት ካርቶን ላይ ተጽፎ የመጣው ቫያል ነው። ፊተኛው የግሪኩን ድምፅ ከሞላ ጎደል ጠብቋል፤ ሁለተኛው «ፈ»ን ወደ «ቨ» ለውጦ መጥቷል። በትርጉምም ቢሆን ጽዋነቱን ያልለቀቀው ፍያል ከሁለቱ ይልቅ ለአባታቸው ይቀርባል። የመድኃኒት ባለሙያው ቫያል ሲል፣ የግዕዝ ተማሪው ፍያል ሲል፣ ሁለቱ በአንድ ቃል እየተናገሩ መሆናቸውን የሚያስታውስ መዝገበ ቃላት ቢኖር መልካም ነበር።

ይህ የትርጉም መንሸራተት በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች ላይ በግልጽ ይታያል። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 16 ሰባቱ መላእክት የእግዚአብሔርን ቍጣ በምድር ላይ የሚያፈስሱባቸው ዕቃዎች በግሪኩ ፊያሌ ይባላሉ። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ቃሉን እንዳለ ወስዶ ቫያል አላቸው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ግን ሳህን ወደሚል ቃል ለውጠውታል፤ ቫያል የሚለው ቃል በአንባቢው ልብ ውስጥ የመድኃኒት ጠርሙስ ሆኖ ስለነበር ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስፍራ ጽዋ ይላል፤ እኔም ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የምዕራፉ ሥዕል ከሰፊ አፍ በአንድ ጊዜ የሚገለበጥ መቅሠፍት ነውና፣ ብልቃጥ ቢባል ኖሮ ከጠባብ አንገት ጠብ ጠብ የሚል ነገር በመሰለ ነበር።

ሳህኑ እንዴት ብልቃጥ ሆነ ለሚለው ጥያቄ ወረቀቱ መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄው ራሱ ስላልተነሣበት ነው። ቃሉ በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ሲታይ የብርጭቆ ትንሽ ጠርሙስ ስም ሆኗል፤ መድኃኒት ቀማሚዎችና የአልኬሚ ሰዎች የሚጠቀሙበት፣ ሆዱ ክብ አንገቱ ጠባብ የሆነ ዕቃ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከትንሽነትና ከመዘጋት ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። በ18ኛው መቶ ዘመን የኤሌክትሪክ ኃይልን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠራቀመው የላይደን ማሰሮ እንኳ በእንግሊዝኛ የላይደን ፋያል (ፋያል የቫያል ሌላ አጠራር ነው) እየተባለ ይጠራ ነበር፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ በ1745 ነገሩን ከፈለሰፉት አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ኤቫልት ፎን ክላይስት የተጠቀመው በመድኃኒት ጠርሙስ ነበርና። የኔዘርላንዱ ፒተር ፋን ሙሼንብሩክም በዚያው ወራት በላይደን ከተማ ተመሳሳይ ነገር ላይ ደርሷል።

ወደ አምፑል ልመለስ። የቃሉ አባት የላቲኑ አምፑላ ነው፤ ሮማውያን ዘይትና ሽቶ የሚይዙበት፣ ሆዱ የተነፋና ሁለት ጆሮ ያለው ትንሽ ጠርሙስ ነበር። አምፑላ የአምፎራ ማሳነሻ ነው፤ አምፎራ ደግሞ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን በሁለት ወገን የሚያዝ ማለት ነው። ከፊያሌ ጋር ዝምድና እንደሌለው ከዚህ ይታያል፤ አንዱ እጀታ ስለሌለው ከሥሩ የሚያዝ ሳህን፣ ሌላው በሁለት ጆሮው የሚነሣ እንስራ ነው። በክርስትና የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ተሳላሚዎች ከቅዱሳን ቦታዎች ዘይት ወይም ጠበል በአምፑላ ይዘው ይመለሱ ነበር፤ በግብፅ ከእስክንድርያ አጠገብ ካለው ከአቡ ሚና ገዳም የወጡት፣ ቅዱስ ሚናስ በሁለት ግመሎች መካከል ቆሞ የሚታይባቸው የሸክላ ብልቃጦች በብዙ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። የተነፋው ሆድ ደግሞ ለቃሉ ሌላ ዕድል ከፈተለት። የሰውነት ክፍሎችን የሚያጠኑ ሰዎች በጆሮ ውስጥ ያበጠውን የቧንቧ ክፍል አምፑላ ብለውታል፤ ፈረንሳዮች የመብራቱን የብርጭቆ እንቁላል አምፑል ብለውታል፤ በጣሪያችን ላይ ያለው አምፖልም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። በእሳት የሚታሸገውን የመድኃኒት አምፑል በ1886 ለሕክምና ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ፋርማሲስት ስታኒስላስ ሊሙዠን ነው፤ ዓላማውም በመርፌ የሚሰጥን ፈሳሽ ከጀርም ነጻ አድርጎ ማቆየት ነበር። ለወረቀቱ ጸሐፊ አንድ ማቃለያ ብቻ አገኛለሁ፤ በዛሬው ጣሊያንኛ ፊያላ የሚባለው እኛ አምፑል የምንለው ዕቃ ስለሆነ፣ ቃላቱ በድንበር ላይ እየተለዋወጡ መሄዳቸው እውነት ነው።

ሰብሮ መክፈት ግን ሊሙዠን የጀመረው ነገር አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ሴቲቱ የአልባስጥሮስ ብልቃጡን ሰብራ ሽቱውን በራሱ ላይ አፈሰሰችው ይላል። የግሪኩ ቃል አላባስትሮን ሲሆን ስሙ ከተሠራበት ለስላሳ ድንጋይ የተወሰደ፣ አንገቱ የጠበበ የሽቱ ዕቃ ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉም እንዲፈስስ የተሰበረ ብልቃጥ ስለ ስጦታው መጠን የሚናገረውን ማንም ያስተውላል፤ ለእኔ ግምገማ ግን የሚጠቅመው ነጥብ ሌላ ነው። ትንሽ ዕቃ ውድ ፈሳሽ ሲይዝ ዋናው ጥያቄ ሁልጊዜ እንዴት ይዘጋል፣ እንዴት ይከፈታል የሚለው ሆኖ ኖሯል።

ወረቀቱ በመጨረሻ ላይ የእንባ ብልቃጥ ታሪክ ያስገባል፤ ሮማውያን ለሞቱት ዘመዶቻቸው ያፈሰሱትን እንባ በትንሽ ብርጭቆ አጠራቅመው በመቃብር ያኖሩ ነበር ይላል። ይህ ተረት ነው። በሮማውያን መቃብር በብዛት የሚገኙት ትንንሽ የብርጭቆ ዕቃዎች የዘይትና የሽቱ መያዣዎች መሆናቸውን የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎች ከተስማሙበት ቆይቷል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው መቶ ዓመት በሶርያና በፍልስጥኤም ባሕር ዳርቻ ብርጭቆን በትንፋሽ መንፋት ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ረክሰው በየቤቱ ገብተዋል። ተረቱን የሚደግፉ ሰዎች ዳዊት በመዝሙር 56 ስለ እንባው የተናገረውን ይጠቅሳሉ፤ በዕብራይስጡ ግን እዚያ ያለው ቃል የቆዳ አቁማዳ ነው፤ ከብርጭቆ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። የጠሩት ብልቃጦች ቦሮሲሊኬት ከሚባለው ብርጭቆ የተሠሩ መሆናቸው በሳጥኑ ጎን ተጽፏል፤ ይህም ዋጋ ያለው ነገር ነው። ይህን ብርጭቆ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ያበጀው ጀርመናዊው ኦቶ ሾት ነው። በሙቀት የሚለጠጠው ከተራው የሶዳና የኖራ ብርጭቆ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ድንገተኛ ሙቀትና ቅዝቃዜ ቶሎ አይሰነጥቀውም፤ ከዚህም በላይ ከውስጥ ገጹ ወደ ፈሳሹ የሚያስገባው የአልካሊ ጨው ጥቂት ነው። በመድኃኒት ደረጃ መዳቢዎች ዘንድ አንደኛ ዓይነት የሚባለው ይህ ነው። ቡናማዎቹ ግን ሦስተኛ ዓይነት፣ ማለትም ተራ ብርጭቆ ናቸው። አምራቹ ይህን በጥቃቅን ፊደል ቢሆንም መጻፉን አመሰግናለሁ። ቀለማቸው ከብረትና ከሰልፈር የሚገኝ ሲሆን የፀሐይን ጎጂ ጨረርና ሰማያዊውን የብርሃን ክፍል በሰፊው ይከለክላል፤ ለብርሃን ስስ ለሆነ ዘይት የተገቡ ናቸው። የፈላ ውሃ ግን በድንገት ሊፈስስባቸው አይገባም።

መጠንን በተመለከተ ገዢዎች ደጋግመው የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። በዕቃው ላይ የተጻፈው ቍጥር እስከ ከንፈሩ ቢሞላ የሚይዘው አይደለም። በዓለም አቀፉ መለኪያ 10አር የሚባለው ባለ ጎማ ብልቃጥ ስሙ 10 ሚሊ ሊትር ቢሆንም እስከ አፉ ሲሞላ 13.5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 2አር የሚባለውም 4 ይይዛል። ትርፉ ቦታ በስሕተት የመጣ አይደለም። አልኮል ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ይዘቱ በመቶ 1 ያህል ይሰፋል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን በመቶ 9 ያህል ይሰፋል። እስከ አፉ ሞልተው አጥብቀው የከደኑት ብልቃጥ ክዳኑን ይገፋል ወይም ራሱ ይፈነዳል። ወረቀቱ ለእንባው ተረት የሰጠውን ቦታ ለዚህ ማስጠንቀቂያ ቢሰጥ ኖሮ ብዙ ገዢ በተጠቀመ ነበር።

ክዳኖቹን የፈተንሁት ቀለም የገባበት ውሃና አልኮል በመሙላት፣ ዘቅዝቆ በነጭ ወረቀት ላይ በማሳደርና ክብደታቸውን ከበፊቱ ጋር በማነጻጸር ነው። ባለ 2 ሚሊ ሊትሮቹ በክዳናቸው ውስጥ ሲሊኮን አለ፤ በሲሊኮኑ ላይም ቴፍሎን በሚል ስም የሚታወቀው ስስ ሽፋን ተለብጦበታል፤ አንዳች አልፈሰሰባቸውም፤ አልኮሉም ሲከፈት እንጂ ከውጭ አልሸተተም። ባለ 5ቹ ግን ከውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ ይሁኑ እንጂ በክዳናቸው ያለው ለስላሳ የፕላስቲክ አረፋ ብቻ ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወረቀቱን አርጥበዋል፤ አልኮል የያዙትም ቀለዋል። አንድ አምራች በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ደረጃ ያለው ክዳን አስገብቶ አለመናገሩ ያስወቅሰዋል። የክዳንን ልክ የሚያመለክተው ቍጥር፣ ለምሳሌ 18-400 የሚለው፣ ፊተኛው አኃዝ የጥምዙን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ኋለኛው የጥምዙን ዓይነት የሚናገር ነው፤ ሁለቱም ካልተስማሙ ክዳኑ የገጠመ መስሎ ያፈስሳል። በዚህ ሳጥን ላይ ይህ ቍጥር የትም አልተጻፈም፤ ምትክ ክዳን መግዛት የፈለገ ሰው ራሱ መለካት ይኖርበታል።

ማንጠብጠቢያ ያላቸው ቡናማ ብልቃጦች ለአጠቃቀም ምቹ ናቸው፤ ለማቆየት ግን አይመቹም። የጎማው ጭንቅላት ዘወትር ከፈሳሹ ትነት ጋር ስለሚገናኝ፣ በተለይ ከዕፀዋት የተጨመቁ ኃይለኛ ዘይቶች ያለሰልሱትና ያሳብጡታል፤ ከቈየ ይጣበቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ብልቃጡን በጠፍጣፋ ክዳን ዘግቶ ማስቀመጥና ማንጠብጠቢያውን በሚጠቀሙበት ጊዜ ብቻ ማስገባት ነው፤ ይህን የሚፈቅድ ጠፍጣፋ ክዳን ግን በሳጥኑ ውስጥ የለም። ስለ ጠብታም አንድ ቃል ላክል። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ወደ 20 ጠብታ ነው ተብሎ የሚነገረው ለአንድ ዓይነት ማንጠብጠቢያ እውነት ነው፤ የጫፉ ስፋትና የፈሳሹ ዓይነት ሲለዋወጥ ይለዋወጣል፤ የአልኮል ጠብታ ከውሃ ጠብታ በጣም ያንሳል። ስለዚህ መድኃኒት ከራሱ ማንጠብጠቢያ በቀር በሌላ አይለካም።

ባለ ጎማ ውታፎቹ በመታሸግ ረገድ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ ዘቅዝቄም፣ አንቀጥቅጬም፣ በማቀዝቀዣ አሳድሬም ምንም አልጠፋባቸውም። ችግራቸው የጥራታቸው ሌላ ወገን ነው። የአሉሚኒየሙ ቆብ አንዴ ከተላቀቀ መልሶ ለመገጠም ልዩ መጨበጫ መሣሪያ ይሻል፤ ባዶ ሆነው ታሽገው የመጡ በመሆናቸውም ፈሳሹ የሚገባው በመርፌ ብቻ ነው። መርፌ በተደጋጋሚ ሲገባ ደግሞ ከጎማው ትናንሽ ቅንጣቶች ተቈርጠው ወደ ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ። የመድኃኒት ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ ብዙ ጊዜ የሚቀዳበትን ቫያል በውስጡ የጀርም መከላከያ ይጨምሩበታል፤ የመድኃኒቱ አምራች ሌላ ካላዘዘ በቀርም መጀመሪያ ከተወጋበት ቀን አንሥቶ በ28 ቀን ውስጥ እንዲጣል የሚለውን ልማድ ይከተላሉ። በወረቀቱ ላይ በሥዕል የሚታየው የክትባት ቫያል በክብ ውስጥ ያለች አራት ማዕዘን ምልክት አለችው። ይህች ምልክት ከ1996 ጀምሮ በፖሊዮ ክትባት ላይ የታየችው፣ ክትባቱን ያገኘውን ሙቀት በመጥቈር የምታመለክት ናት፤ መካከለኛዋ አራት ማዕዘን ከዙሪያዋ ካለው ክብ ጋር ከተመሳሰለች ወይም ይበልጥ ከጠቈረች ክትባቱ አይሰጥም። ወረቀቱ ሥዕሏን ለጌጥ አስገብቶ ስለ እርሷ አንዳች አለማለቱ ያሳዝናል፤ በሳጥኑ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ይልቅ ቫያል ዛሬ ምን ማለት እንደ ሆነ የምትናገረው እርሷ ነበረች።

ሳጥኑ ሽቶን፣ ቀለምንና ዘይትን በጥቂቱ ከፋፍለው ለሚያስቀምጡ ሰዎች ይጠቅማል፤ ባለ 2 ሚሊ ሊትሮቹ ብቻቸውን የሚሸጡ ቢሆን ያለ ማመንታት እነርሱን ብቻ ግዙ እል ነበር። ሳጥኑን የገዛ ሰው ባለ 5ቹን ለውሃና ለዘይት ይተዋቸው፤ አልኮል ሊያስቀምጥባቸው ከፈለገ ግን ክዳናቸውን ለክቶ ቴፍሎን ያለበት ክዳን ይፈልግላቸው። ማንኛውንም መድኃኒት ከመጣበት ዕቃ ወደ እነዚህ መገልበጥ አይገባም፤ ስሙ፣ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን በፊተኛው ዕቃ ላይ ይቀራልና። ባለ ቡሾቹ ከፈተናው በኋላ ሁሉም እርጥብ ሆነው ተገኝተዋል፤ የቡሻቸው ፍርፋሪም በፈሳሹ ላይ ተንሳፎ ነበር፤ ስለዚህ ከደረቅ ነገር በቀር ምንም አላስቀምጥባቸውም።